የጎደለ አጥንት በስቴም ሴል ይበቅላል ከተባለ፣ ደሙ ከየት ይመጣል?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ታላቅ ወንድሜ ለገሃር አካባቢ መኪና ገጭቶት የቀኝ እግሩ ቅልጥም ተሰበረ፤ ስብራቱም ቆዳውን ቀዶ የወጣ ነበር። ቁስሉ አመርቅዞ ስለ ነበር የሞተው አጥንት በቀዶ ሕክምና ሲወገድ አምስት ሴንቲ ሜትር የሚያህል ክፍተት ቀረ፤ እግሩም እስካሁን ከውጭ በታሰረ ብረት ተደግፎ ይገኛል። ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ ከፍቶ ሕሙማንን ወደ ውጭ አገር የሚልክ አንድ ወኪል፣ ከወንድሜ መቅኒ ስቴም ሴል፣ ማለትም ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ መለወጥ የሚችል ሕዋስ፣ ተወስዶና ተባዝቶ ክፍተቱ ውስጥ ቢወጋ አጥንቱ በጥቂት ወራት እንደሚበቅል ነግሮን ቤት የሚያሸጥ ዋጋ ጠርቷል። የሚከታተለው ሐኪም ግን ስለ ሕዋስ ብዙም አያነሣም፤ ደጋግሞ የሚናገረው ደም ወደዚያ ቦታ እንዴት እንደሚደርስ ነው። ስቴም ሴል በእርግጥ አጥንት የሚሠራ ከሆነ ሐኪሙ ስለ ደም የሚጨነቀው ለምንድን ነው?

ይህ የውይይት ክር ከረዘመ በኋላ አዲስ የሚገቡ ሰዎች የተመለሰውን ጥያቄ እንደገና መጠየቅ ስለ ጀመሩ፣ አስተባባሪው በጠየቀኝ መሠረት ምላሾቹን በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አሳጥሬ ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። የተሳታፊዎቹን ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም። ፍርዴን የጨመርኩበት ቦታ አለ፤ የማይስማማ ሰው ዋናውን ምላሽ ወደ ላይ ተመልሶ ማንበብ ይችላል።

1ኛ ምላሽ

ስድስት ኪሎ ባዮሎጂ እንደሚያስተምሩ የገለጹ አንዲት መምህርት በመጀመሪያ ለወንድሜ ምሕረቱን ተመኙለት፤ ቀጥለውም የሐኪሙ ሥጋት ተገቢ መሆኑን አብራሩ። አጥንት ከውጭ ሲያዩት ደረቅ ቢመስልም ውስጡ የደም ሥር የሚተላለፍበት ሕያው አካል ነው፤ ሕዋሳቱ በጠጣሩ ክፍል ባሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ተቀምጠው የሚመገቡት በአጠገባቸው ከሚያልፈው ቀጭን የደም ሥር ነው። አንድ ሕዋስ በሕይወት እንዲቆይ ከደም ሥር ያለው ርቀት በአብዛኛው ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ ይህም የጥቂት ፀጉሮች ውፍረት ቢሆን ነው። አምስት ሴንቲ ሜትር ርዝመትና የቅልጥም ውፍረት ያለው ክፍተት በሕዋስ ቢሞላ፣ ዳር ዳሩ ያለው ከአካባቢው ጡንቻ ደም ሲያገኝ መሐል ያለው ይራባል። አዲስ የደም ሥር ከዳር ወደ መሐል የሚያድገው በቀን ከአንድ ሚሊ ሜትር ባነሰ ፍጥነት ስለ ሆነ፣ እስኪደርስለት ድረስ በሕይወት የሚጠብቅ ሕዋስ እምብዛም አይኖርም።

መምህርቷ ያከሉት ሌላ ነጥብ እኔን አስገርሞኛል። ብዙዎቻችን ሕዋሱ የሚሞተው ኦክስጅን አጥቶ ብቻ ይመስለናል፤ በላቦራቶሪ እንደ ታየው ግን ከመቅኒ የሚወሰደው ስቴም ሴል የኦክስጅን እጥረትን ለተወሰነ ጊዜ ይቋቋማል፤ የማይቋቋመው የግሉኮስን ማለቅ ነው። ሁለቱንም የሚያመጣው ያው ደም ነው።

2ኛ ምላሽ

እግዚአብሔር ይማረው የሚል ነው። እናመሰግናለን።

3ኛ ምላሽ

አንድ ተሳታፊ በታላቅ እርግጠኝነት ነገሩ ከተፈታ ቆይቷል ብሎ ጻፈ። ማስረጃ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2004 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣውን የጀርመን ከተማ የኪል ሥራ ነው፤ በዚያም መንጋጋው በካንሰር ምክንያት ተቆርጦ ለወጣበት ሰው አዲስ የታችኛው መንጋጋ በገዛ ሰውነቱ ውስጥ እንዲያድግለት ተደርጓል። ስለዚህ ወኪሉ ያለን እውነት ነው፣ ሐኪሙ ወደ ኋላ የቀረ ነው ሲል ደመደመ።

4ኛ ምላሽ

በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ክፍል ለረጅም ጊዜ ያገለገሉ ነርስ 3ኛውን በትሕትና፣ ግን ምንም ሳያስቀሩ አረሙት። የኪል ሐኪሞች በመንጋጋው ልክ የተሠራ የታይታኒየም መረብ ወስደው በአጥንት ማዕድን ብሎኮች ሞሉት፤ ቢ.ኤም.ፒ. 7 የተባለውን አጥንት ቀስቃሽ ፕሮቲንና የታማሚውን መቅኒ ጨመሩበት፤ ከዚያም መረቡን በቀጥታ ፊቱ ላይ አልገጠሙትም። በጀርባው ሰፊ ጡንቻ ውስጥ ለ7 ሳምንታት ቀበሩት። ጡንቻው በደም ሥር የበለጸገ በመሆኑ አዲሱ አጥንት እዚያው ደም እየጠጣ አደገ፤ ወደ መንጋጋው ቦታ ሲዛወርም ከጡንቻው ቁራጭና ከሚመግበው የደም ሥር ጋር ተነሥቶ፣ የደም ሥሩ በማይክሮስኮፕ እየታየ ከሌላ የደም ሥር ጋር ተሰፋ። እንግዲህ ሥራው የሚያስረዳው ሕዋስ ብቻውን በቂ አለመሆኑን ነው፤ 3ኛው ተሳታፊ የጠቀሰው ማስረጃ ለሐኪሙ የሚመሰክር ሆኖ ተገኘ።

በእኔ አስተያየት ከመላው ክር ይህን ያህል ግልጽ የሆነ ምላሽ አልነበረም። 3ኛው ተሳታፊ አልመለሰም።

5ኛ ምላሽ

ሰውዬው በዚያ መንጋጋ ቆሎ መቆርጠም ይችል እንደ ሆነ የሚጠይቅ ነው። በታተመው ዘገባ ከቀዶ ሕክምናው ከ4 ሳምንታት በኋላ ዳቦና ቋሊማ እንደ በላ ተጽፏል፤ ስለ ቆሎ የተባለ ነገር የለም።

6ኛ ምላሽ

አንዲት እናት አብሽ ተፈልቶ በየማለዳው ቢጠጣ፣ የቅልጥም መረቅም ቢታከልበት ስብራት ቶሎ እንደሚገጥም፣ የእሳቸውም ልጅ ወጌሻ ዘንድ ታሽቶ በቀርከሃ ታስሮ እንደ ዳነ ጻፉ። የተጻፈው በቅንነት ነው፤ ጠቡ ግን የተጀመረው ከዚህ ነው።

7ኛ ምላሽ

በድንገተኛ ክፍል የሚሠራ ሰው ቁጣውን ሳይደብቅ መለሰ። ክሩ የተከፈተው ስለ ደም እንደ ሆነ አስታውሶ፣ በአገራችን የስብራትን ደም ከሚያቋርጡ ነገሮች ዋነኛው ጠብቆ የታሰረ ቀርከሃ ነው አለ። አዲስ የተሰበረ እግር ወይም ክንድ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል፤ እብጠቱን እንዲይዝ ቦታ ያልተተወለት ማሰሪያ የደም ዝውውሩን ያንቃል፤ ጣቶቹ ይቀዘቅዛሉ፣ ይደነዝዛሉ፣ ይጠቁራሉ፤ ታማሚው ሆስፒታል ሲደርስ የሚቀረው ምርጫ መቁረጥ ይሆናል። አብሹን ማንም አልተቃወመም፣ ነገር ግን ስለ ጋንግሪን (ደም አጥቶ የሚሞት ሥጋ) ሳይነገር ስለ ወጌሻ ማውራት ወንጀል ነው ብሎ ጨረሰ።

8ኛ ምላሽ

ይህኛው ደግሞ 7ኛውን በትዕቢተኛነት ከሰሰው። አያቱ ወጌሻ እንደ ነበሩ፣ የወለቀ ትከሻ መልሰው የላኳቸው ሰዎች ብዙ መሆናቸውን፣ ገጠሬው ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ስንት ሰዓት እንደሚጓዝ የከተማ ባለሙያ የማያውቅ መሆኑን ዘረዘረ። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ ብዬ አምናለሁ፤ ይሁንና የጣት መቀዝቀዝና መደንዘዝ ሲታይ ማሰሪያው በዚያው ቅጽበት መፈታት እንዳለበት 8ኛውም ቢሆን አልካደም። አስተባባሪው ወደ ዋናው ጉዳይ እንድንመለስ አሳሰበ።

9ኛ ምላሽ

በጥቁር አንበሳ የአጥንት ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርቱን የሚከታተል ሐኪም የጻፈው ረጅሙ ምላሽ ነው፤ እኔም ላሳጥረው አልፈለግሁም። ስቴም ሴል ሳይወሳ በፊት ጀምሮ ቀዶ ሐኪሞች ደም ያለው አጥንት ወደ ክፍተት የሚያመጡባቸው ሦስት መንገዶች እንዳሉ፣ ሁሉም የሚሠሩት ለደሙ ቅድሚያ ስለሚሰጡ እንደ ሆነ አስረዳ።

አንደኛው፣ ቀጭኑን የእግር አጥንት ከሚመግበው የደም ቧንቧ ጋር ቆርጦ ወደ ክፍተቱ ማዛወርና ቧንቧውን እዚያ ካለው ጋር መስፋት ነው። ይህን በሰው ላይ ቴይለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1975 ከአውስትራሊያ ዘግበውታል። አጥንቱ ለአንድም ቀን ሳይራብ በሕይወት ስለሚዛወር ይገጥማል፤ ችግሩ ረጅም ሰዓትና በማይክሮስኮፕ የሚሰፋ የሠለጠነ እጅ መፈለጉ ነው።

ሁለተኛው፣ ፈረንሳዊው ሐኪም ማስኬሌ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የጀመረው ባለ ሁለት ደረጃ ዘዴ ነው። በመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና የሞተው አጥንት ከተጠረገ በኋላ ክፍተቱ በአጥንት ሲሚንቶ ይሞላል፤ ሰውነት ባዕዱን ነገር ለመክበብ በላዩ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ከ6 እስከ 8 ሳምንታት ባለው ጊዜ ሽፋኑ ሳይቀደድ ሲሚንቶው ይወጣና ከዳሌ የተወሰደ ደቃቅ አጥንት ይገባበታል። ሽፋኑ በደም ሥር የተሞላ ነው፤ የደም ሥርን የሚጠራውን ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. የተባለ ፕሮቲን እና አጥንትን የሚቀሰቅሰውን ቢ.ኤም.ፒ. 2 ያመነጫል። ከዳሌ የሚመጣው አጥንትም የታማሚውን የራሱን ስቴም ሴሎች ይዞ የሚመጣ መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውልም፤ ያለ ማባዣ ላቦራቶሪ፣ ያለ አውሮፕላን ጉዞ።

ሦስተኛው በሶቪየቱ ሐኪም በኢሊዛሮቭ ስም የሚጠራው፣ ከእግሩ ውጭ ሆኖ በሽቦ ከአጥንቱ ጋር የሚያያዝ ቀለበት ነው፤ ጤነኛው የአጥንት ክፍል ተቆርጦ በቀን 1 ሚሊ ሜትር እየተሳበ ክፍተቱን እንዲሻገር ይደረጋል፤ ከኋላው የሚከፈተውን ቦታ አዲስ አጥንት ይሞላዋል። የወንድሜን ክፍተት በዚህ ለመሻገር ሃምሳ ቀናት ያህል የመሳብ ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ አጥንቱ እስኪጠነክር ብዙ ወራት እንደሚያስፈልግ አሰላልኝ። የትኛው መንገድ እንደሚመረጥ በቆዳው፣ በቀሪው ኢንፌክሽንና በቅልጥሙ ዙሪያ ባለው ጡንቻ ስለሚወሰን ሳያየው አልፈርድም አለ።

10ኛ ምላሽ

አንድ አንጋፋ ሐኪም በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት እንደ ተማሩ ጠቅሰው 9ኛውን ልጄ እያሉ አመሰገኑት፤ ሁለት ነገርም አከሉበት። አንደኛ፣ 1 ሚሊ ሜትሩ በአንድ ጊዜ አይሳብም፤ በቀን ለአራት ጊዜ በ0.25 ሚሊ ሜትር ይከፈላል። ኢሊዛሮቭ አጥንቱ ሲቆረጥ የውጩ ቅርፊት ብቻ እንዲሰነጠቅና በመቅኒው ውስጥ የሚያልፈው የደም ሥር እንዲተርፍ አጥብቆ ያሳስብ ነበር፤ ቀስ ያለው መሳብ ደግሞ በእግሩ ውስጥ ያለውን የደም ፍሰት ራሱን ይጨምራል። በሳይቤሪያዋ ኩርጋን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተጀመረው ይህ ሥራ በምዕራቡ ዓለም በስፋት የታወቀው ጣሊያናዊው ተራራ ወጪ ካርሎ ማውሪ ለዓመታት አልድን ያለ እግሩን እዚያ ሄዶ ካሳከመ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ኢሊዛሮቭ ጣሊያን ውስጥ ንግግር ሲያደርግ ነው።

ሁለተኛ፣ ከመቅኒ የሚገኘው አጥንት ሠሪ ሕዋስ ዛሬ እንደ አዲስ ቢሸጥም፣ ፍሪደንሽታይን የተባለው የሶቪየት ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ አጥንቶት እንደ ነበር አስታወሱ። እነዚህ ሕዋሳት ፈሳሽ ብቻ በሚያሳልፍ ትንሽ ዝግ ሣጥን ተደርገው በእንስሳት ሰውነት ውስጥ ሲቀመጡ፣ ለሰውነቱ ቅርብ በሆነው ዳር አጥንት፣ ደሙ በራቀበት መሐል ደግሞ ልም አጥንት (በጆሮና በአፍንጫ እንዳለው ያለ ለስላሳ አጥንት) ሠርተው ተገኝተዋል።

11ኛ ምላሽ

ይህ ተሳታፊ ሐኪሞቹ ሁሉ ገበያቸውን ይከላከላሉ ሲል ጀመረ። ፈረንሳዊው ሐኪም ኤርኒጉ እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተመውን ጥናት ጠቀሰ፤ አልገጥም ያለ የቅልጥም ስብራት ካለባቸው 60 ታማሚዎች መካከል 53ቱ ከዳሌያቸው የተቀዳ መቅኒ በማዘውሪያ መሣሪያ ተጠናክሮ በመርፌ ሲሰጣቸው አጥንታቸው ገጥሟል። መርፌ ብቻ ነው፤ ብረት መሳብ የለም፣ የእግር አጥንት ማዛወር የለም፤ ታዲያ እናንተ ይህን የምትደብቁት ለምንድን ነው ብሎ ጠየቀ።

12ኛ ምላሽ

የ1ኛው ምላሽ መምህርት ተመልሰው ቁጥሩ ትክክል መሆኑን አረጋገጡ፤ ድምፃቸው ግን እንደ መጀመሪያው ለስላሳ አልነበረም። በዚያ ጥናት የተካተቱት ስብራቶች ኢንፌክሽን የሌለባቸው ናቸው፤ የተፈለገውም ተገናኝተው ያልገጠሙ ጫፎችን ማጋጠም እንጂ አምስት ሴንቲ ሜትር የጠፋ አጥንትን መሙላት አይደለም። ያልዳኑት ሰባቱ የተሰጣቸው የአጥንት ሠሪ ሕዋስ ቁጥር ከሌሎቹ ያነሰ መሆኑም ስለ ታየ ሕዋስ ዋጋ የለውም የሚል ሰው እዚህ የለም። ጫፍና ጫፍ ሲቀራረብ ደሙ ከሁለቱም ወገን ይደርሳል፤ የወንድሜ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። 11ኛው ቁጥሩን ጠቅሶ ታማሚዎቹ እነማን እንደ ነበሩ መተዉን ማጭበርበር ብለው ጠሩት። ቃሉ ቢከብድም፣ የወኪሉ ወረቀት ላይ ያው ቁጥር ያለ ማብራሪያ ተጽፎ ስላየሁ አልከፋኝም።

13ኛ ምላሽ

በውጭ አገር የሕብረ ሕዋስ ምሕንድስና የሚማር፣ ለእረፍት ፒያሳ ቤተሰቦቹ ዘንድ የመጣ ወጣት ተመራማሪዎች የደሙን ችግር አሁን እንዴት እየታገሉት እንደ ሆነ ጻፈ። አንዱ መንገድ አጥንት ሠሪውን ስቴም ሴል የደም ሥርን ውስጠኛ ግድግዳ ከሚሠራው ሕዋስ ጋር አብሮ ማሳደግ ነው፤ ሁለተኛው ሕዋስ ጥቃቅን ቱቦዎችን ሲዘረጋ ስቴም ሴሉ ዙሪያቸውን ይደግፋል፤ ተቀላቅለው ሲተከሉም ቱቦዎቹ ከእንስሳው የራሱ የደም ሥር ጋር ይገጣጠማሉ። ሌላው መንገድ የ10ኛውን ምላሽ የሣጥን ታሪክ ወደ ጥቅም መለወጥ ነው። ልም አጥንት የደም ሥር ሳይኖረው ይኖራል፤ ስለዚህ በቀጥታ አጥንት ከመትከል ይልቅ ልም አጥንት ይተከላል፤ ሕዋሳቱ ሲያብጡና ሲበስሉ ራሳቸው ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. አመንጭተው የደም ሥር ይጠራሉ፤ የደም ሥሩ ሲገባ ልም አጥንቱ በአጥንት ይተካል። የፅንስ እግርና ክንድ የሚያድገው፣ ተራ ስብራትም የሚገጥመው በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው። የስዊዘርላንዷ ባዝል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ከሰው መቅኒ የተገኘ ስቴም ሴል በአይጥ ሰውነት ውስጥ ይህንኑ ጉዞ እንደሚከተል አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ በአይጦች አጥንት ውስጥ አጥንት ሠሪ ሕዋሳትን በዙሪያው የሚሰበስብ ልዩ የደም ሥር ዓይነት እንዳለና በዕድሜ እየቀነሰ እንደሚሄድ ታውቋል። ወጣቱ ግን ሐሰተኛ ተስፋ አልሰጠም፤ በደም ሥር የተዘጋጀ ትልቅ አጥንት የመትከሉ ሥራ በአብዛኛው ገና በእንስሳት ላይ እንዳለ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ጻፈ።

14ኛ ምላሽ

አንዲት ሲቪል መሐንዲስ ነገሩ የገባት መሆኑን ለማሳየት፣ ያለ ደም ሥር የተተከለ ሕዋስ ውኃና መብራት ሳይገባለት ለባለዕጣ የተሰጠ ኮንዶሚኒየም ነው አለች። ከዚህ በኋላ የተከተለው ስለ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ስለ ሆነ ዘልየዋለሁ።

15ኛ ምላሽ

11ኛው ተመልሶ መጣ። ወኪሉን አውቀዋለሁ፣ ታማኝ ሰው ነው፣ ብዙ ሰው ልኳል አለ። 7ኛው ደግሞ አንተ ራስህ ወኪሉ ነህ አለው። ስድቡ ከሁለቱም በኩል ተሰርዟል። የሚያሳዝነው፣ የተላኩት ሰዎች ምን ዓይነት ስብራት እንደ ነበራቸውና ከሕክምናው በፊትና በኋላ የተነሣ ራጅ እንዳላቸው ለቀረበለት ቀላል ጥያቄ 11ኛው እስካሁን መልስ አለመስጠቱ ነው።

16ኛ ምላሽ

በሕክምና ምርምር ሥነ ምግባር ላይ የሚሠሩ ሰው ከወኪሉ ጋር ስንገናኝ ምን መጠየቅ እንዳለብን መከሩን፤ ክርክሩ ውስጥ ሳይገቡ በእርጋታ ነው የጻፉት። ሕዋሱ የሚባዛው በየትኛው ላቦራቶሪ ነው? ከጀርም ነጻ መሆኑን ማን ያረጋግጣል? ሕዋሱ በፈሳሽ ብቻ ይወጋል ወይስ ቀዳዳ ባለው መደገፊያ ላይ ይቀመጣል? የደም ሥሩስ በምን መንገድ ይገባለታል? በቅልጥሙ የነበረው ኢንፌክሽን ፈጽሞ መጥፋቱ ሳይመረመር ምንም ነገር መትከል እንደማይገባ አስጠነቀቁ። ወኪሉ ምርምር ነው ካለ የተመዘገበበትን ሰነድ ማየት ይገባናል፤ በአግባቡ የተፈቀደ የክሊኒክ ሙከራ በአብዛኛው የሚሞከረውን ነገር ዋጋ ከታማሚው አያስከፍልም። የተረጋገጠ ሕክምና ነው ካለ ደግሞ የዚያ አገር የመድኃኒት ተቆጣጣሪ የሰጠውን ፈቃድ ያሳይ። በእኛም አገር የክሊኒክ ሙከራ የሚፈቅደው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መሆኑን ጠቁመዋል።

ጥያቄዎቹን ጽፌ ለወኪሉ ላክሁለት። የመለሰልኝ ስለ አየር ትኬትና ስለ ቅድመ ክፍያ ነው።

17ኛ ምላሽ

9ኛው ሐኪም ከአዳር ሥራ ሲወጣ ገብቶ፣ የረሳው ነገር እንዳለ ጠቅሶ ወንድሜ ሲጋራ ያጨስ እንደ ሆነ ጠየቀኝ። ያጨሳል። ኒኮቲን የደም ሥርን እንደሚያጠብ፣ የስብራትን መግጠምም እንደሚያዘገይ፣ የትኛውም መንገድ ቢመረጥ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ማቆም እንዳለበት ያለ ማለሳለስ ጻፈ። ለአውሮፕላን ከመክፈል ይህ ይቀድማል አለ። ወንድሜ መልእክቱን አንብቧል፤ ለጊዜው ግን ከሐኪሙ ጋር አልተስማማም።

18ኛ ምላሽ

የራሴ ነው። የሚከታተለው ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ከመከረ በኋላ የኢሊዛሮቭን መንገድ መርጧል፤ በቅልጥሙ ፊት ለፊት ያለው ቆዳ ስስ ስለ ሆነ ሲሚንቶውን ለመሸፈን አይመችም ብሎናል። ቀለበት ታስሮለት የጨረሰ ሰው በዚህ ክር ውስጥ ካለ፣ ሽቦዎቹ ቆዳ የሚበሱበትን ቦታ በቤት ውስጥ በምን ያጥብ እንደ ነበር፣ ውኃ በሚጠፋባቸው ቀናትስ ምን ያደርግ እንደ ነበር ቢጽፍልን እንፈልጋለን።